ጎልድፊሽ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ አራት ጀሪካን ውሃ ቁጠሩ

ቲክቶክ ላይ የምታዩት፣ ክብ ብርጭቆ ውስጥ የሚዞረው ብርቱካናማ አሳ ያምራል። ቪዲዮው ከተቀረጸ በኋላ ስንት ቀን እንደኖረ ግን የሚነግራችሁ የለም። እንዲህ ዓይነት ብርጭቆ ውስጥ የገባ አሳ ብዙ ጊዜ ዓመት አይደፍንም። ሰዉም «ጎልድፊሽ ሲፈጥረው ዕድሜው አጭር ነው» ብሎ ያልፈዋል።

አጭር አይደለም። በደንብ የተያዘ ጎልድፊሽ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይኖራል፣ 20 የሚያልፍም አለ። እንግሊዝ አገር ቲሽ የሚባል ጎልድፊሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 በአንድ ባዛር ላይ ለሽልማት የተሰጠ ነው፤ የሞተው በ1999 ሲሆን 43 ዓመት ኖሯል። ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ሆናችሁ የገዛችሁት አሳ ስትዳሩ ሊያያችሁ ይችላል ማለት ነው።

ይህን ያዘጋጀነው ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ልጆች ነው። አርብ ገበያ ላይ ከጤፉና ከማሽላው ጎን ጎልድፊሽ ተዘርግቶ አይሸጥም፤ የጌጥ አሳ የሚሸጡ ሱቆች በዋናነት ያሉት አዲስ አበባ ነው። ግን ወንድም አለ፣ እህት አለች፣ አንድ ቀን በላስቲክ ተቋጥሮ ይመጣል። ኢንተርኔት ላይ የሞላው ምክር ደግሞ ቧንቧው ለማይቆም፣ መብራቱ ለማይጠፋ ሰው የተጻፈ ነው። እኛ ባለን ነገር እንነጋገር።

የሚገድለው ረሃብ አይደለም

ጎልድፊሽ በረሃብ ብዙም አይሞትም። የሚሞተው በራሱ ቆሻሻ ነው። አሳ ቆሻሻውን በአብዛኛው የሚያስወጣው ከጭንቅላቱ ጎን በሚከፈትና በሚዘጋው መተንፈሻው በኩል ሲሆን፣ የሚወጣው አሞኒያ ነው። የበግ ጋጥ ስትገቡ ዓይናችሁን የሚቆጠቁጠው ሽታ እሱ ነው። ወንዝ ውስጥ ውሃው ይዞት ይሄዳል። ሦስት ሊትር ብርጭቆ ውስጥ ግን የት ይሂድ? እዚያው ይጠራቀማል፣ አሳውም መልሶ ይተነፍሰዋል። መተንፈሻው ይቀላል፣ ይቆስላል፣ ከዚያ ውሃው ውስጥ አየር እያለ እንኳ መሳብ ያቅተዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ውሃው ለዓይን ጥርት እንዳለ ነው። አሳውን የሚጎዳው መጠን አፍንጫችን ከሚለየው በጣም ያነሰ ነው።

ብርብራን ሽማግሌዎች ያውቁታል። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ላይ ሲበተን አሳው ደንዝዞ፣ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። መርዙ የሚገባው በዚያው በመተንፈሻው በኩል ነው። አሞኒያም በዚያው በር ይጎዳል። ብርብራው ቶሎ ይጨርሰዋል፣ አሞኒያው ቀናትና ሳምንታት እየወሰደ ያሰቃየዋል።

ጎልድፊሽ ደግሞ ቻይ ነው፣ እሱም ጠንቁ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2017 የኦስሎና የሊቨርፑል ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ ኦክስጅን ሲያልቅበት ሰውነቱ አልኮል እየሠራ በመተንፈሻው ያስወጣል፤ በዚህ መንገድ በረዶ ከሸፈነው ኩሬ ሥር ረጅም ጊዜ ይቆያል። ጠማቂ አሳ በሉት። ሌላ አሳ በሰዓታት በሚሞትበት ውሃ እሱ ስለሚሰነብት «ደህና ነው እኮ፣ ይዋኛል» እንላለን። እየዋኘ የሚታመም እንስሳ ነው።

የጣሊያኗ ሮም ከተማ እ.ኤ.አ. በ2005 ክቡን የአሳ ብርጭቆ በደንብ ከልክላለች። ሞንዛ የምትባለው ከተማም ከዓመት በፊት ቀድማታለች።

ስንት ውሃ?

ለአንድ ጎልድፊሽ 75 ወይም 80 ሊትር ያዙ። በእኛ መለኪያ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። በዛ? ሲገዛ ጣት የምታክለው አሳ አድጋ የት እንደምትደርስ እዩ፦ ቀጭኑና ረጅሙ ዝርያ 25 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናል፣ ድንቡሽቡሹና ጭራው የተንዘረፈፈው ደግሞ 15 እና 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። «በጠበበው ቦታ ልክ ያድጋል» የሚባለውን አትስሙ። እድገቱ የሚቀጭጨው ውሃው ስለሚጎዳው ነው። ብቻውንም መሆን አይወድም፤ ለሁለት አሳ ስድስት ጀሪካን ይሆናል።

ከሞላ በኋላም አላለቀም። በየሳምንቱ አንድ አራተኛውን አውጥቶ በአዲስ መተካት አለ። ለአንድ አሳ በሳምንት አንድ ጀሪካን ማለት ነው፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ምንጭ በሚሳሳበት በግንቦት ጭምር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያን ጀሪካን የሚያመጣው ማን ነው? ቤታችሁ ቦኖ ወይም ቧንቧ ካለ ጥሩ። ውሃው ግን እናታችሁ ወይም ታናሽ እህታችሁ በጀርባዋ አዝላ ዳገት የምትወጣበት ከሆነ፣ ቁርጡን እንንገራችሁ፣ አሁን አትግዙ። ራሳችሁ የምትቀዱ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ፤ ከአሳ ቤት የሚወጣው ውሃ አይባክንም። የአሳው ቆሻሻ ተለውጦ መጨረሻ ላይ ናይትሬት ይሆናል፣ ያ ደግሞ ማዳበሪያ ነው። ጎመኑ ላይ አፍስሱት።

መስታወት የግድ አይደለም። ጎልድፊሽን ከዱር አሳ መርጠው ያላመዱት ቻይናውያን ለብዙ ዘመን ያኖሩት በኩሬና በትልልቅ የሸክላ ጋን ነበር፤ ውበቱንም የሚያዩት ከላይ ነበር። ስለዚህ ሰፊ አዲስ ሳፋ ወይም ዘይት ያልነካው የምግብ ፕላስቲክ በርሜል ተቆርጦ ያገለግላል። እንዲያውም አፉ የሰፋ ዕቃ ይሻላል፣ አየር ወደ ውሃ የሚገባው በላይኛው ፊቱ ነው። ሳሙና የነካው ባልዲ፣ በወይራ የታጠነ እንስራ፣ የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን፣ የቆርቆሮና የመዳብ ዕቃ አይሆንም። ድመት ካለችም ወንፊት ሽቦ ከላይ አድርጉ። መስታወት ከገዛችሁ ደግሞ 80 ሊትር ውሃ ብቻውን 80 ኪሎ መሆኑን አትርሱ፤ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም።

የትኛው ውሃ?

የምንጭና የጉድጓድ ውሃ ክሎሪን ስለሌለው ለአሳ ይመቻል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ አፉ በሰፋ ዕቃ ክፍት አድርጋችሁ አንድ ሙሉ ቀን፣ ቢቻል ሁለት ቀን አሳድሩት፤ በመሃል አማስሉት፣ ክሎሪኑ ይተናል። አዲስ አበባ ያሉት ሱቆች ጋ ክሎሪንን ወዲያው የሚያጠፋ ፈሳሽ ከተገኘ አብሮ ይላክላችሁ።

በጣም የሚያሳስበን ሌላ ነው። ቤት ውስጥ ለመጠጥ ተብሎ ውሃ አጋር የተጨመረበት እንስራ ወይም ጀሪካን ይኖራል። ለእናንተ ጤና ነው፣ ለአሳው ግን ክሎሪን ነው፤ መተንፈሻውን ያቃጥላል፣ ማጣሪያው ላይ ያለውን ጠቃሚ ባክቴሪያም ይገድላል። ታናሽ ወንድማችሁ «ንጹሑን ልስጠው» ብሎ ከመጠጥ ጀሪካኑ እንዳይቀዳለት ቀድማችሁ ንገሩት። የአሳው ጀሪካን ለብቻው ይሁን፣ በቀለም ምልክት አድርጉበት።

የምትጨምሩት ውሃ ሙቀቱ ከውስጡ ጋር ይመሳሰል። ጠዋት ከምንጭ የመጣ የቀዘቀዘ ውሃ ወዲያው አይደፋም፤ ቤት ውስጥ ይዋል። በነገራችን ላይ ጎልድፊሽ ማሞቂያ አይፈልግም። ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይመቸዋል፣ ከዚያ በታችም ይችላል። ቅዝቃዜ የአሞኒያን ጉዳት ስለሚቀንስ የጋይንት አየር ለእሱ ክፉ አይደለም። የሚጎዳው ድንገተኛ ለውጥና ቀጥታ ፀሐይ ነው።

እንደ ሊጥ ነው፣ ይቦካ

አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው ዕቃውንና አሳውን በአንድ ቀን በማምጣት ነው። አዲስ ውሃ ንጹሕ ነው፣ ግን ሕይወት የለውም። ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያዎቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ። ናይትራይትም መርዝ ነው፣ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሁለተኛዎቹ እሱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬት ካልበዛ ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ በሳምንታዊው ቅየራ ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በአብዛኛው ማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ሲሆን እስኪበረክቱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል፣ በብርድ አገር ደግሞ ይዘገያሉ።

እናቶቻችን ይህን ሥራ ያውቁታል። ሊጥ ያለ እርሾ ይዘገያል፣ ከድሮው ትንሽ ሲገባበት ግን ቶሎ ይቦካል። ስለዚህ እርሾ ተበደሩ፦ አሳ የሚልክላችሁ ሰው፣ ሻጩ ጤነኛ አሳ ካለበት ገንዳ ያገለገለ ስፖንጅ ቁራጭ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ እርጥቡን ከአሳው ጋር ሳይሆን ለብቻው ውሃ ባለበት ላስቲክ ያምጣው። ካልተገኘ አሳው ከመምጣቱ አምስትና ስድስት ሳምንት በፊት ውሃውን ሞልታችሁ፣ ማጣሪያውን አስነስታችሁ፣ በየቀኑ ቆንጠር አድርጋችሁ የአሳ ምግብ ጣሉበት። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ያወጣል፣ ባክቴሪያውም በእሱ ያድጋል። አሳው ሳይኖር መጀመሪያ «ቀለቡን» መስጠት ያስቃል፣ ግን ይሠራል። አሳው ከመግባቱ በፊት ግማሹን ውሃ ቀይሩ።

ስፖንጁን ክሎሪን ባለበት ውሃ አትጠቡት። ከአሳው ቤት በቀዳችሁት ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት። እንደ አዲስ እስኪነጣ ያጠበ ሰው እርሾውን ደፋው ማለት ነው።

አሳው በድንገት ቀድሞ ከመጣባችሁ፣ ብዙ ጊዜ የሚሆነውም ይሄው ነው፣ ለመጀመሪያው ወር በየሁለት ቀኑ ሩብ ያህል ውሃ ቀይሩ፤ ምግቡንም በቀን አንድ ጊዜ በጣም ትንሽ አድርጉት። ሥራ ይበዛል እንጂ ይተርፋል።

ከፍታና መብራት

የውጭ ቪዲዮዎች የማይነግሯችሁ ይሄኛውን ነው። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ላይ ያለ ውሃ፣ ሙቀቱ እኩል ሆኖ፣ ባሕር ዳርቻ ካለው ውሃ በአንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል። የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ከሞቀው ይልቅ አየር ስለሚይዝ ደጋው በአንድ እጁ የነሳውን በሌላው በከፊል ይመልሳል። ያም ሆኖ እኛ አገር ላይ አሳ ማጨናነቅ አያዋጣም፣ የአየር ፓምፕም ቅንጦት አይደለም።

ፓምፑ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ሁለት ነገር ይቆማል፦ አየሩና ባክቴሪያው። በቅድሚያ ምግብ አቁሙ። ከዚያ በንጹሕ ጣሳ ከራሱ ውሃ እየቀዳችሁ ከአንድ ክንድ ከፍታ መልሳችሁ አፍስሱ፣ አምስት ደቂቃ ያህል፣ በየሰዓቱ፣ በተለይ ከመተኛታችሁ በፊት። ውሃው ሲንቧቧ አየር ይገባዋል። በስልክ ገመድ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ካገኛችሁ በፓወር ባንክ ሌሊቱን ይሠራላችኋል፤ ለእኛ አካባቢ ከመስታወቱ በፊት እሱ ይገዛ ብለን እንመክራለን። አንድ ቀን ሙሉ ከጠፋ ደግሞ ስፖንጁን እንዲደርቅ አትተዉት፣ እዚያው ውሃ ውስጥ ይቆይ፤ መብራቱ ሲመለስ በራሱ ውሃ አለቅልቃችሁ አስነሱት።

መንገድ

ከአዲስ አበባ በባሕር ዳር፣ በወረታና በደብረ ታቦር አድርጎ ጋይንት የሚገባ አሳ ብዙ ሰዓት ላስቲክ ውስጥ ነው፤ መንገድ ላይ የሚያድርበት ጊዜም አለ። ላኪው ከመሄዱ በፊት አንድ ቀን አይመግበው፣ ሆዱ ባዶ ሲሆን ውሃውን ብዙም አያቆሽሽም። ላስቲኩ አንድ ሦስተኛው ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛው አየር ይሁን፤ ሻጩ ኦክስጅን ከሞላበት ደግሞ እሰየው። ካርቶን ውስጥ፣ ጨለማ ላይ፣ ከሞተሩ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የመኪና ጣሪያ ላይ አይጫንም!

ሲደርስ ላስቲኩን እንዳለ ውሃው ላይ 15 ወይም 20 ደቂቃ አንሳፉት። ከዚያ አፉን ከፍታችሁ በየአምስት ደቂቃው ትንሽ የቤቱን ውሃ ጨምሩበት። በመጨረሻ አሳውን ብቻ አውጥታችሁ ልቀቁ፣ የላስቲኩን ውሃ ድፉት። የዚያን ቀን አይብላ።

ምግብ

ጎልድፊሽ ጨጓራ የለውም። የበላው ቀጥታ ወደ አንጀት ይሄዳል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ የራበው ይመስላል፤ በቀረባችሁ ቁጥር እየመጣ አፉን ይከፍታል። አትሸነፉለት። በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሰውን ያህል፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ። በሳምንት አንድ ቀን ቢጾም አይጎዳውም፣ ይጠቅመዋል እንጂ።

እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ዘይት የነካው ነገር አይሰጥም፤ ውሃውን ያበላሻል። የተቀቀለና የተላጠ አተር ተፈጭቶ፣ ወይም በደንብ የተቀቀለ ጎመን በጣም ትንሽ ሲሰጠው ለሆዱ ጥሩ ነው፤ ጨውና ቅመም ሳይነካው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «መቼ ነው የሚጠበሰው?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ፣ ለእሱ መልስ አዘጋጁ።

ሲታመም

ላይ መጥቶ አየር የሚውጥ፣ ክንፎቹን ሰብስቦ ታች የሚቀመጥ፣ የማይበላ አሳ ስታዩ መድኃኒት አትፈልጉ። ሩብ ወይም ሲሦ ውሃ ቀይሩ፣ ምግብ አቁሙ፣ አየር ስጡት። ብዙው «በሽታ» የውሃ ጉዳይ ስለሆነ በዚሁ ይሻለዋል።

ሰውነቱ ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ካያችሁ ግን ጥገኛ ተባይ ነው። ቆዳው ሥር እያለ መድኃኒት አይነካውም፤ የሚሞተው ወርዶ፣ ተራብቶ፣ አዲስ አሳ ፍለጋ ሲዋኝ ነው። በብርድ ውሃ ይህ ዑደት ከሳምንት በላይ ይፈጃል፣ ስለዚህ ነጠብጣቡ ጠፋ ብላችሁ በሦስተኛው ቀን አታቁሙ። ቤት ውስጥ የሚሞከረው ጨው ነው፦ በሊትር እስከ 2 ወይም 3 ግራም፣ በአንዴ ሳይሆን በሁለትና በሦስት ቀን ተከፋፍሎ፣ መጀመሪያ በጣሳ ውሃ ሟሙቶ። ነጠብጣቡ ከጠፋ በኋላም ሳምንት አቆዩት፣ ከዚያ በውሃ ቅየራ ቀስ እያለ ይውጣ።

መሳቢያ ውስጥ የተረፈችውን ቴትራሳይክሊን ወይም አሞክሳሲሊን ካፕሱል ፈትታችሁ እንዳትበትኑ። መጠኑን መገመት አይቻልም፣ ጠቃሚውንም ባክቴሪያ ጨርሳችሁ አሞኒያው ይመለስባችኋል።

ሰለቸን ብላችሁ ወንዝ እንዳትለቁት

ይህን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥነው ስለሚያንስ አይደለም። አሳው ሲያድግ፣ ወይም ለትምህርት ከቤት ስትወጡ «ነጻ ላውጣው» ብላችሁ ወንዝ መልቀቅ ደግነት ይመስላል።

ከጉና ተራራ የሚነሱት ርብና ጉማራ ጣና ይገባሉ፤ በጋይንት በኩል የሚወርደው ደግሞ በበሽሎ አድርጎ ዐባይ ይደርሳል። ጣና ውስጥ ዓሣ አጥማጆች ነጭ አሳ የሚሏቸው፣ የሳይንስ ሰዎች ላቢዮባርበስ የሚሏቸው ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። ከእነሱም ብዙዎቹ በክረምቱ ወራት ወደ ጉማራና ርብ ሽቅብ ወጥተው ይራባሉ። ቁጥራቸው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ በጣም ቀንሷል፤ በመራቢያ ጊዜያቸው ወንዙ ላይ መረብ መዘርጋትና ብርብራ መበተን ከምክንያቶቹ ውስጥ ናቸው። ጎልድፊሽ የእነዚሁ የነጭ አሳዎች የሩቅ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከካርፕ ቤተሰብ ናቸው። ዘመድ ስለሆነም በሽታውና ጥገኛ ተባዩ ወደ እነሱ ሊሻገር ይችላል። ሥር እየነቀለ ጭቃ የሚያደፈርስ፣ የሌላውን እንቁላል የሚበላ፣ የተበላሸ ውሃ የሚችል እንስሳ ነው። ሌሎች አገሮች ሐይቅ ውስጥ ተለቆ በመቶና በሺህ ሆኖ ተባዝቶባቸዋል።

እምቦጭን አስታውሱ። በዓለም ላይ የተሰራጨው አበባው ያምራል ተብሎ እንደ ጌጥ ተክል ተወስዶ ነው። ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ታየ፤ ከዚያ በኋላ ስንት ሺህ ሰው በእጁ ሲነቅል እንደከረመ ሁላችሁም በስልካችሁ አይታችኋል። እግረ መንገዳችንን፣ «ለአሳዬ ጥላ ይሆናል» ብላችሁ እምቦጭ ከጣና ይዛችሁ እንዳትመጡ፤ ከሌላ ወንዝም ቢሆን።

ማቆየት ካልቻላችሁ ሌላ የሚያሳድግ ሰው፣ ትምህርት ቤት ወይም ሆቴል ፈልጉለት፤ የተለያየ ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ ስለሆነ «እዚያ ቢሆን ችግር የለውም» የሚባል ወንዝ የለም። ከሞተ አፈር ውስጥ ቅበሩት። የቀረውን ውሃም እንደተለመደው ጎመኑ ላይ ድፉት፣ ስፖንጁንና ዕቃውን ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት።